ወረቀት የሌለው ውሻ ያዥ

ጋሼ ገመድ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ያለ ገመዱ አይተውት አያውቁም። ለማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሲይዝ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዓመት የተነከሰው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱን ያደረሰችበትም ድመት ናት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ አስጠራውና ደብዳቤ አነበበለት። ከእንግዲህ የስድስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫ ያላገኘ ሰው እንስሳ እንዳይነካ ታዟል።

«እና መቼ ልሂድ?» አለ ጋሼ ገመድ።

ኃላፊው ደብዳቤውን ገለጠ። «ሠልጣኙ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ይሁን ይላል። እርስዎ ደግሞ...»

«ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«አዎ። ደሞ ምክር ቤቱ የፈቀደው የአንድ ሰው ወጪ ብቻ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው ብለዋል። ስለዚህ ጸሐፊዋን ልንልካት ነው።»

ጋሼ ገመድ ቀልድ መስሎት የኃላፊውን ፊት አየ። ቀልድ የለበትም። ጸሐፊዋን ያውቃታል፤ ግቢ ውስጥ ቡችላ ካየች ወንበር ላይ የምትወጣ ልጅ ናት። ትእዛዙ የሚጸናው እሷ ስትመለስ ነው ሲባል ደግሞ ነገሩ ይብስ ድፍርስ አለበት። «እስከዚያ ብቁ ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ኃላፊው ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስድስቱን ሳምንት እንደ ድሮው ሠራ።

ጸሐፊዋ ወረቀቷን ይዛ በመጣች በሦስተኛው ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት ተደወለ። ትልቅ ውሻ ዕቃ ቤት ገብቶ አልወጣም ብሏል። ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላው ተደበቀች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡልኝ።»

«አልችልም እኮ ልጄ። ብነካው ጣጣው ለሁለታችንም ነው። ለመሆኑ ምን አስተማሩሽ?»

«ዓይኑን አትዩት፣ ጎናችሁን ስጡት፣ ቁጭ በሉ ነው ያሉን።»

ጋሼ ገመድ ግራ ገባው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድባቸው። ተይ ሊላት አፉን ሲከፍት ልጅቷ ጎኗን ሰጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። በትምህርቷ ይሁን በፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየለትም። ውሻው ጥቂት አጉረመረመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መጣና ጫማዋን አሸተተ።

«አሁን ገመዱን» አላት በሹክሹክታ እያቀበላት። «ከላይ አይደለም፣ በአገጩ ሥር።»

ይህን ደግሞ ሥልጠናው ላይ አልነገሯትም። ገመዱ የውሻው አንገት ላይ ገባ።

ቢሮ ተመልሰው ቅጹን ስትሞላ «እንስሳውን የያዘው» በሚለው ላይ ስሟን ጻፈች። ለእሱ የሚሆን ቦታ ብትፈልግ አጣች። በመጨረሻ «ምስክር» የሚል አገኘችና እዚያ አስፈረመችው። ምን እንደሚመሰክር ሳይገባው ፈረመ።

በወሩ ሌላ ደብዳቤ መጣ። እሷ የሠለጠነችበት ማሠልጠኛ የተግባር ትምህርት የሚሰጥ ልምድ ያለው ሰው ፈልጎ ጸሐፊዋ እሱን ጠቁማ ኖሯል። ከአስተማሪ የክፍል ደረጃ አይጠየቅም፤ ወጪውም ከሌላ በጀት ነው። ቤት ገብቶ ለሚስቱ አነበበላት።

«ቆይ እስኪ፣ ውሻ መያዝ አትችልም አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ማስተማር ግን ትችላለህ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሚስቱ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ምንም አልተጻፈበትም። «ታዲያ ምን ልትላቸው ነው?»

ጋሼ ገመድ ገመዱን አውርዶ ሚስማር ላይ ሰቀለ። «እሄዳለሁ» አለ። «ግራ መጋባቱ እንደሆነ እዚህም አልቀረልኝ።»

በሳምንቱ ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ። ሠልጣኞቹ «መምህር» ብለው ሲጠሩት ግን ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞር ይል ነበር።