በጠበል የታጠበው የጠመኔ ምልክት

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ሲለኝ እሳቸው ብቻ «ልጄ» ይሉኛል። የስደተኛ ሱቅ ሁሉ በተዘረፈበት ቀን ያችን አሮጌ መኪናቸውን አምጥተው የሱቄ በር ላይ ገተሯትና ውስጧ ቁጭ አሉ። መስታወቷ ረገፈ፣ ጎኗ ተቀጠቀጠ። እኔና ሚስቴ ግን ከነዕቃችን ተረፍን። «ባባ» ስላቸው ከአንጀቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቆማ ቀረች። ልጆቻቸው «ለስክራፕ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ» እያሉ ወጥረው ያዟቸው፤ በመጨረሻም ሰኞ የሚወስዳት ሰው ተጠራ። እሑድ መንገድ ላይ በደህና ከሄደች ትቀራለች፣ ካልሄደች ትሄዳለች ተባለ።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። ሳምንታት ሙሉ ከመኪናዋ ሥር እየተኛሁ፣ ባባም ከላይ እየተቆጡኝ፣ ገላዋን አቃንተን መስታወቷን አስገባን። የቀረን ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነበር። ጫፎቹ ላይ ያሉት መታጠፊያዎች፣ ክሮቼራዎቹ፣ ስላለቁ አወረድነው። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ነው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ባባ ከመለያየታችን በፊት እንደነበረ እንድንመልሰው በሁለቱም ላይ በጠመኔ አሰመሩበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጥድፊያ፣ ምልክቱን እንኳ ሳናይ ገጠምነውና ወጣን። ገና ፍጥነት ስንጨምር መኪናዋ ጥርስ እስኪያፋጭ ድረስ ተንቀጠቀጠች። ባባ ወደ ግቢያቸው መልሰው አቆሟት።

«በቃ ትሂድ ልጄ። እኔም እንደሷ እየተንቀጠቀጥኩ ነው» አሉኝ።

ተመልሼ ከሥሯ ገባሁ። የጠመኔውን መስመር ብፈልግ የለም።

«እዚህ ብረት ላይ የነበረውን ነጭ መስመር አይተሻል?» አልኳት ሚስቴን።

አፏን በእጇ ያዘች። «ትናንት ጠበል ረጭቼበት ነበር። ጭቃ ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ ጥሩ አድርጌ ወለወልኩት።»

ለባባ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ወዲያው ነገሩ ገባኝ። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ክሮቼራዎቹን የያዙት ሹካዎች በአንድ መስመር መቆም ሲገባቸው፣ ያለምልክት ስንገጥም አንዱ ዞሮብን ነበር። አውርጄ ለያየሁት፣ ሹካዎቹን በዓይኔ አስተካክዬ መለስኩት። ሚስቴ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አመጣችና መገጣጠሚያው ላይ ራሷ አሰመረች።

«ይኼን እንግዲህ ጠበልም አያስለቅቀው» አለች።

ባባ ለብቻቸው ነዷት። እኔና ሚስቴ ሱቁ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። የመኪናዋ ድምፅ ሲመለስ ልስልስ ብሎ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ባባ ወደ ቤታቸው አልታጠፉም። ቀጥ ብለው መጥተው እንደ ዘረፋው ቀን በሬ ላይ ገተሯት።

«ባባ፣ ደንበኞቼ በየት ይግቡ?»

«ይቆዩ» አሉና ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ሚስቴ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «መኪናዋ ድርሻዋን አግኝታለች። ከዚያ ውኃ ለእኔም ይድረሰኝ።»