የዳገቱ ተራ የእሱ ነበር

በእኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው። እኔ ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድና መልሰን ስንወጣ አባቴን አንተ እለው ነበር። "ሙግት ላይ አንቱ ካልሽኝ ትፈሪኛለሽ፣ ከፈራሽኝ ደግሞ ምኑን ተሟገትሽኝ" ብሎ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው። ይህንንም ስጽፍ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ሙግታችን አላለቀማ።

አባቴ አንሶላና ብርድ ልብስ ነጋዴ ነበር። ዕቃውን ከኮምቦልቻ እያመጣ ደሴ ገበያ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቁ ይሸጣል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ከተመለስኩ በኋላ ያላመለከትኩበት መሥሪያ ቤት የለም፤ የጠራኝም የለም። ቀስ በቀስ ማመልከቱንም ተውኩት። ተጋድሜ ስልክ ስነካካ መዋል ሆነ ሥራዬ። እናቴ ተነሽ ስትለኝ "ተነስቼስ?" እላታለሁ። ብዪ ስትለኝ "በልቼስ?" ምስኪን፣ በሩን ዘግታልኝ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት አባቴ በሩ ላይ ቆመ። "ተነስቼስ የምትዪዋን ጥያቄ ወድጃታለሁ" አለኝ። "አልጋ ላይ ሆነሽ ግን አትመልሻትም። ነይ ዕቃ አግዢኝ።"

እየተነጫነጭኩ ተከተልኩት። ሕጉን የነገረኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስንወርድ እኔ አንዱን ወገን እይዛለሁ፣ እሱ ሌላውን። ስንወጣ እንለዋወጣለን፤ ስወርድ የተከራከርኩለትን ስወጣ አፈርሰዋለሁ ማለት ነው። የምን ቀልድ ነው ይሄ አልኩት።

"አንዱን ወገን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሐሳብ የለውም" አለኝ። "ያለው ምኞት ነው።"

የመጀመሪያው ጥያቄ መርሳት ኒዕማ፣ የአላህ ጸጋ፣ ነው ወይስ ጉዳት የሚል ነበር። እኔ ጉዳት ነው አልኩ። ድራሼን አጠፋው። "አብሽሪ፣ ስንወጣ ታሸንፊኛለሽ" አለኝ እየሳቀ። ስንመለስ መርሳት ኒዕማ ነው ብዬ ያዝኩ፤ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ድምፄ ከመኪናው ሞተር በልጦ ነበር። ከፊት የተቀመጡ አዛውንት ዞረው ያዳምጡናል። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ "ልጅቷ ልክ ናት" አለ። አባቴም "አንተን ማን ዳኛ አደረገህ፣ ሥራህን ሥራ" ብሎ መለሰው፤ ደስ ብሎት እንደነበር ግን ጆሮው ድረስ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዕቃ በሚመጣበት ቀን እሱን የምቀሰቅሰው እኔ ሆንኩ። ለታመመ ሰው መዋሸት ይፈቀዳል ወይ? ማንም ያላየው ደግነት ከታየው ይበልጣል ወይ? ገዢው ያላስተዋለውን የጨርቅ እንከን መናገር የነጋዴ ግዴታ ነው ወይስ ደግነቱ? በዚህኛው ተኳርፈን ሁሉ እናውቃለን። "ተነስቼስ" የምትለዋ ቃል መቼ ከአፌ እንደጠፋች አላውቅም።

ግን ሙግት እንጀራ አይሆንም። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄዱ። እኔም ኤጀንሲ ተመዘገብኩ፣ ፓስፖርት አወጣሁ፣ የጤና ምርመራውን ጨረስኩ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ምንም አላለም። ወላሂ፣ ከእሷ ዕንባ የእሱ ዝምታ ነው ያበሸቀኝ። ቅሪ ቢለኝ ተጣልቼው እሄዳለሁ። ሂጂ ቢለኝ ቀሎኝ እሄዳለሁ። ለማንም ጥያቄ ሁለት መልስ የሚያዘጋጅ ሰውዬ ለእኔ ሲሆን አንድ ያጣል?

መሄጃዬ ሲቃረብ "ነገ ኮምቦልቻ እንወርዳለን" አለኝ።

ሚኒባሱ እንደተነቃነቀ ጥያቄውን አወጣው። "ልጅቷ ትሂድ ወይስ ትቅር? እኔ መሄድን ይዣለሁ። አንቺ መቅረትን ያዢ።"

"እኔ እኮ ልሂድ ያልኩት ነኝ" አልኩት።

"ለዚህ ነዋ።"

እንደዚያ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "የአያቴ አባት ከየመን ባሕር ተሻግሮ ባይመጣ አንቺ ማን ነበርሽ?" አለኝ። "አርፈህ ተቀመጥ ብለው ቢያስቀሩት ኖሮ እኔም አንቺም የለንም። መሄድ የማይችል ሰው መቅረቱም የራሱ አይደለም።"

መጀመሪያ ልቤ ሳይኖርበት ነው የመለስኩለት። ቁልቁለቱን ስንያያዘው ግን "እሱ የመጣው ሱቅ ከፍቶ፣ አግብቶ፣ ስሙን ይዞ ሊኖር ነው" ስል ራሴን ሰማሁት። "እኔ የምሄደው ክንዴ ብቻ ወደሚፈለግበት ቤት ነው። ማን ነሽ፣ ምን ታስቢያለሽ የሚለኝ ሰው በሌለበት እኔ ማን ልሆን ነው?" ይህን ቀድሜ አስቤው አላውቅም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት። መሄድ አልፈልግም ነበር። እዚያ መቀመጫ ላይ፣ ወገን ተሰጥቶኝ ስከራከር፣ የራሴን ልብ አገኘሁት።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ "አብሽሪ፣ ስንወጣ እንለዋወጣለን" አለኝ። ስንወጣ መቅረትን የሚይዘው እሱ ነው። ቅሪ የምትለዋን ቃል ከእሱ አፍ ልሰማት ነው። ያን ቀን ኮምቦልቻ ላይ ዕቃ ስናስጭን የቸኮልኩትን ያህል በሕይወቴ ቸኩዬ አላውቅም።

ዕቃው ታስሮ ሊያልቅ ሲል ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ብዬ ውሃ አመጣሁለት። "ደረቴን ያዝ አደረገኝ" አለ። ክሊኒኩ በቶሎ ደሴ አድርሱት አለን። የሚያውቀን ሹፌር ተሳፋሪውን ለምኖ አስወረደና የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ የማላውቃቸው አንዲት እናት ብቻ አብረውኝ ሊደግፉት ቀሩ። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። እሱም የሻርፔን ጫፍ ጨበጠ።

ዳገቱ ተጀመረ። ሐረጎን እያለፍን "አባ፣ ተራህ ነው" አልኩት። "መቅረትን የያዝከው አንተ ነህ። ቅሪ በለኝ።"

"አባትሽን አንተ ትያለሽ እንዴ፣ ልጄ" አሉኝ ሴትዮዋ በቀስታ። ለእሳቸው ማስረዳት አልቻልኩም።

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሸሀዳ ነበር። የቀረችውን ትንፋሽ ለባለቤቷ ለአላህ እየሰጠ ነበር። አስተግፊሩላህ፣ ቀናሁ። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ለእኔ ቢተርፍ ብዬ ቀናሁ። ሆስፒታል በር ላይ ነርሷ ጣቶቹን ከሻርፔ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እዚህ አልደግመውም።

የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ሰዎች ቀበሩት። ለቅሶ የመጣ ሁሉ "አብሽሪ" ሲለኝ ሰነበተ። ቃሏ የእሱ ስለነበረች፣ ከሌላ ሰው አፍ በሰማኋት ቁጥር ተነስቼ እወጣ ነበር። ኤጀንሲው ሲደውል አልሄድም አልኩ። አሁን ቀን ቀን ሱቁን እከፍታለሁ፣ ማታ ማታ በኤክስቴንሽን ሕግ እማራለሁ። መምህሩ አንድ ምሽት "ሌላውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ የለም" ሲል ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሌላውን ወገን እኔ አልሰማሁትማ።

እናቴ ጥርጥር የላትም። "ሻርፕሽን የያዘው ቅሪ ማለቱ ነው" ትለኛለች። ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ ስወርድ የእሷን ወገን እይዛለሁ፤ ቀላል ነው፣ ደስም ይለኛል። ስወጣ ግን በሕጋችን መሠረት መለወጥ አለብኝ። የታመመ ሰው እጁ የደረሰበትን ይጨብጣል፣ የወንበሩ ብረት ቢቀርበው ብረቱን ይይዝ ነበር፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም ማለት አለብኝ። አባቴ ራሱ ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚለኝ። ሐረጎ ላይ እጀምረዋለሁ። ደሴ እስክንገባ ጨርሼው አላውቅም።