ልቀቁ

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ላስቲክ» ነው የሚሉት። በአርባ ስድስት ዓመቱ እግሩን ዘርግቶ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ኩንግ ፉ የጀመረው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ሲሞላው ከዝላይ ወድቆ ወገቡ እምቢ አለው፤ ካልሲውን እንኳ የምታጠልቅለት ሚስቱ ነበረች። ቀና ያደረገው ዮጋ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ አሮጌ አዳራሽ መጀመሪያ ወጣቶችን ኩንግ ፉ፣ ቀጥሎ ወገባቸውን የሚያማቸውን እናቶች ዮጋ ያስተምር ነበር።

ባለፈው ወር የአዳራሹ ኃላፊ ሰዓቱን ቆረጠበት።

«ያለህ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወይ ቡጢውን ወይ መተኛቱን ምረጥ።»

«ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው» አለ ላስቲክ።

«እሺ፣ ሰኞ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ አንዱ ይቀራል።»

ሰኞ ኃላፊው በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ላስቲክ አንድ ወጣት ከአንዲት እናት እያጣመረ ፊት ለፊት አቆማቸው።

«ዐይናችሁን ጨፍኑ። እጃችሁን ጨብጡና ወገባችሁ ላይ አድርጉ። ትንፋሽ ሳቡ… አሁን ልቀቁ።»

እናቶቹ ትከሻቸውን ለቀቁ። ወጣቶቹ ግን ስንት ዓመት ሙሉ «ልቀቅ!» ሲባሉ የሚለቁት ቡጢ ነው። «ሃ!» ብለው ለቀቁት። የአንዲት የመካኒክ ልጅ ቡጢ ፊት ለፊቷ የቆሙትን ጡረተኛ ታይፒስት መነጽር ከፊታቸው ላይ አሽቀንጥሮ ጣለው።

«እትዬ! እኔን ይድፋኝ!» ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኃላፊው ተነሣ። «በቃ፣ አየሁት።»

የላስቲክ ፊት ዐመድ መስሎ ነበር።

«የት ነው የምትሄደው? ቁጭ በል» አሉት ታይፒስቷ ኃላፊውን፣ ወለሉን በእጃቸው እየዳበሱ። «መነጽሬን አቀብሉኝ። ምንም አልሆንኩም። አሁን ተራው የኔ ነው፤ እኔም ልልቀቅባት።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ታይፒስቷ ሰነዘሩ፤ ዝንብ ያባረሩ ነው የሚመስለው።

ላስቲክ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ትከሻዎ ጆሮዎ ጋ ደርሷል እኮ። እሱን ካልለቀቁ ቡጢው አይለቅም። እንደ ዮጋው ይተንፍሱ።»

ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ እጃቸው ሄደና የልጅቷ መዳፍ ጧ አለ።

«ውይ!» አለች ልጅቷ፣ እጇን እያራገፈች።

«ይህን ለማስተማር ሃያ ዓመት ዘግይተሃል» አሉት ታይፒስቷ ላስቲክን። «ባለቤቴ ዕድለኛ ነበር።»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የሰዓት መመደቢያ መዝገቡን ገለጠ።

«ትምህርቱን ምን ብዬ ልጻፈው?»

ላስቲክ ስም አስቦለት አያውቅም።

«ስፖርት በለው» አሉ ታይፒስቷ። «ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል አድርገው።»

«እትዬ፣ ስለ እርስዎ ብዬ ነው» አለና ኃላፊው ጻፈ። «ስፖርት፣ አንድ ሰዓት» ብሎ።