ፀጉር ቆራጩ ዝም ያለላት ዓሣ

ፀጉር ቆራጩ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የሚነጋገሩት በወረቀት ብቻ ነው ተባለ። ጎረቤት በመስኮት ወረቀት ሲቀባበሉ አይታለች። ወሬው ካፌ ገብቶ አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ሚስትየው ሻንጣዋን ሸከፈች፤ ሁለተኛው ሻይ ሳያልቅ ዕቃ ተካፈሉ፤ ሶፋውን ለሁለት የሰነጠቁበት መጋዝ ሳይቀር ታየ።

ማን ይመን? ሰውዬው እኮ ቅጽል ስሙ "ሬዲዮ" ነው። የደንበኛውን ግራ ጉንጭ ሲላጭ የጀመረው ወግ፣ ቀኙ ጉንጭ ተላጭቶ አልቆም ገና መግቢያው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በወረቀት ላውራ ቢል የከተማው ደብተር ሁሉ አይበቃውም።

ወረቀቱ ግን እውነት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ዓሣ።

ሬዲዮ ቤቱ ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ፣ ጣት የምታህል የባሕር ዓሣ አስገባ። ከፊቷ ነጭ ሆና ወደ ጅራቷ እየቀላች የምትሄድ፣ ጫፏ ፍም የነካው የምትመስል ናት። ሻጩ አስጠንቅቆታል፦ "ድንጉጥ ናት። ከደነገጠች ዘላ ልትወጣ ትችላለች፤ ገንዳውን በመረብ ክደነው። ካልበላች ደግሞ ብዙም አትቆይልህ።"

ሬዲዮ ታዲያ ገና ስትገባ "እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት!" ብሎ ቤቱን አናጋው። እመቤቲቱ ድንጋይ ሥር ገባች። አምስት ቀን ሙሉ አልወጣችም፤ አልበላችም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በካልሲ የሚኬድበት ሆነ። የድስቱ ክዳን በፎጣ ተጠቀለለ። ወሬ በወረቀት፦

"በላች?"

"አልበላችም።"

"አንተስ?"

"እኔም።"

ሬዲዮ በየአምስት ደቂቃው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ድንጋዩ ላይ ያፈጣል። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ወረቀቱን ወርውራ በጆሮው አንሾካሾከች፦

"ስማኝማ የኔ ጌታ፣ ይሄ ሁሉ ፊት አፍጥጦብኝ እኔስ ብሆን ይወርድልኛል? ዞር በልላት!"

"ዞር ካልኩ በምን አያታለሁ?"

"ለደንበኛህ ማጅራቱን በምንድን ነው የምታሳየው?"

ሬዲዮ በካልሲው እየተንሸራተተ ሄዶ የሥራ መስታወቱን ከቦርሳው አወጣ። የደቀቀ ሽሪምፕ በመረቡ ቀዳዳ ጣል አደረገ። ከዚያ ባልና ሚስት ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው መዳፍ በምታህለው መስታወት ወደ ኋላ ያዩ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ ዓይን ወጣ። ቀጥሎ ከጀርባዋ እንደ ክር የቆመው ክንፏ፣ እልም ብልጭ እያለ። በመጨረሻ ሙሉ ዓሣ! ውሃው መሐል ቀጥ ብላ ስትቆም፣ የቤቱ ብርሃን ሁሉ ተሰብስቦ እሷ ላይ ያረፈ መሰለ። ግድግዳው ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ቅንጣት ሽሪምፕ ቀለብ አደረገች። ደገመች።

ሬዲዮ አፉን ከፈተ፤ ቃል ጠፋው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠፍቶት አያውቅም። ሚስቱ መስታወቱን አብራው ያዘች።

በማግስቱ ካፌው ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቀው። አስተናጋጁ አላስቻለውም፦

"ጋሼ፣ ተኳርፋችሁ ዕቃ ተካፈላችሁ የሚባለው እውነት ነው?"

ሬዲዮ ሻዩን አስቀመጠ።

"ውሸት ነው። አልተኳረፍንም፤ ሻንጣ አልተሸከፈም፤ ሶፋውም አልተሰነጠቀም። ትናንት ሁለታችን ተቃቅፈን የዋልነው እሱ ላይ ነው።"