ለአራት መዝሙር የተፈታ ከበሮ

ትልቁን ከበሮ ከትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ያወጣሁት በግንቦት መጀመሪያ ነው። ድሮ ትምህርት ቤቱ የሰልፍ ባንድ ነበረው ይባላል፤ ከባንዱ የተረፈው ይህ ከበሮ ብቻ ነው። ጎኑ ስስ እንጨት፣ ሁለቱ ፊቶቹ ፕላስቲክ፣ አንድ ሰው ቢያቅፈው እጆቹ የማይገናኙለት ዓይነት። ላዩ ላይ የተሰባበሩ ዴስኮች ተቆልለውበት ነበር። እነሱን አንድ በአንድ አንስቼ ከበሮውን ወደ በሩ ሳንከባልል ወገቤን ያዘኝ፤ እስከ ሰኔ አልለቀቀኝም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የአንደኛ ክፍል መምህርታችን የምታስተምረው በአዊኛ ነው። ቁጥሩን፣ ፊደሉን፣ የአካል ክፍሎችንና የሳምንቱን ቀናት የምታስጠናባቸው አራት መዝሙሮች አሏት፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው መሬቱን እየረገጡ ይዘምራሉ። እንቅርቷ ግን ከዓመት ዓመት እያደገ መጥቶ ጉሮሮዋን መጫን ጀመረ፤ ባሕር ዳር ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሙ ድምፅዋ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል አልደበቃትም። እኔ ከአማርኛ ሌላ አልችልም። አዊኛ የሚችሉት ባልደረቦቼም «እኛ ከዘመርን ልጆቹ ትምህርት ያቋርጣሉ» ብለው ሳቁና ሸሹ። ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አወጣሁ። «ከመሄድሽ በፊት እኔ እቀዳቸዋለሁ» አልኳት።

በመጀመሪያ በጭብጨባ ልንቀዳው አስቤ ነበር።

«ጭብጨባ ለእግር አይበቃም» አለችኝ። «ያን ሁሉ ልጅ እኩል የሚያስረግጠው ከበሮ ነው። አንተ ደግሞ ኮሌጅ እያለሁ ከበሮ እመታ ነበር ብለሃል። ጉራህን ነበር?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ምታ!»

የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ለዚህ ሥራ መጠየቅ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤት ገባሁ።

ከበሮው አሥራ ስድስት ብሎን ነበረው፤ በእያንዳንዱ ፊት ስምንት። ሁለቱ የሉም፣ የቀሩት ዝገዋል። ሁሉንም ፈትቼ በነጭ ጋዝ ዘፈዘፍኳቸው። የእንጨቱን ጠርዝ አናጢዎች ጣውላ በሚያለሰልሱበት ሸካራ ወረቀት ዙሪያውን አሸሁት፤ ጠርዙ ጎርበጥ ካለ ፕላስቲኩ እኩል አይቀመጥምና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ለጎደሉት ብሎኖች አንዱን ናሙና ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። የጋሪ ጎማ የሚጠግን ሰው ተመሳሳይ ሁለት ሰጠኝ። እንጅባራ ተመልሼ ሳስገባቸው ጥርሳቸው አልገጠመም። በሳምንቱ ከበሮውን ራሱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ እንደገና ሄድኩ።

ረዳቱ ገመዱን እያጠበቀ «መምህር፣ ሰርጉ የት ነው?» አለኝ።

«ሰርግ የለም።»

«ታዲያ ሙሽራዋን ምን በወጣት ጣሪያ ላይ የጫንካት?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ጉልበቴ ላይ የሦስት ክፍል የፈተና ወረቀት ይዤ እያረምኩ ነበር፤ ቀና ብዬ ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም። በዚህኛው ጉዞ ግን ብሎኖቹ ገጠሙ።

አሁን ስለ ድምፁ። ጆሮና ማይክ አንድ ዓይነት አይሰሙም። ትልቅ ከበሮ ሜዳ ላይ ሲመታ የሚያስደስተን ጩኸቱ ተንከባሎ መሄዱ ነው። ያንኑ ክፍል ውስጥ ቀድተን በትምህርት ቤቱ አሮጌ ሞንታርቦ ብናሰማ ግን አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል፤ ልጆቹ የቱ ላይ እንደሚረግጡ አያውቁም። ለቀረጻ የሚፈለገው አጭርና ወፍራም ድምፅ ነው። «ዱብ» ብሎ የሚያቆም። ለዚህ ከበሮውን ማላላት፣ ሆዱ ውስጥም ልብስ መክተት ያስፈልጋል።

አሮጌ ብርድ ልብሴን አጥፌ ሁለቱንም ፊቶች በስሱ እንዲነካ አድርጌ አስገባሁ። ለማይኩ መግቢያ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ከሰል ላይ አግዬ የፊተኛውን ፕላስቲክ ከመሃል ፈቀቅ አድርጌ በሳሁት፤ በምላጭ ቢቆረጥ ቀዳዳው እየተቀደደ ይሄዳል። የመምቻውን ራስ በጋቢ ቁራጭ ጠቀለልኩት። ከዚያ ውጠራው መጣ። ብሎኖቹ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ በቁጥር አሥር የብሎን መፍቻ ሩብ ሩብ ዙር፣ አንዱን ሲያጠብቁ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ትይዩውን። በየብሎኑ አጠገብ በጣት እየቆረቆሩ ስምንቱም አንድ ዓይነት እስኪናገሩ ድረስ። ይህን በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ስሠራ ሁለት ሳምንት ሞላኝ። እንጅባራ ዝናቡ ጀምሯል፤ የዛሬው ልክ ነገ ልክ አይደለም።

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ አጠገቤ እየተቀመጡ ያዩኛል። አዘና አካባቢ ተወልደው ያደጉ አዛውንት ናቸው፤ በወጣትነታቸው የመንደራቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ለበዓል ዋዜማ ከበሮውን የሚያሰናዱት እሳቸው ነበሩ።

«መምህር፣ ይህች ልጅ ጉንፋን ይዟታል» አሉኝ ማክሰኞ ዕለት፣ በመጨረሻ የፈለግሁትን ድምፅ አግኝቼ ስመታ።

«አይ አባባ፣ ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብለህ አሳመምካት?»

በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ደክሞኝ ነበር። ሳቅ ብዬ ክፍሉን ቆለፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ልንቀዳ ተስማማን። ጠዋት የማስተምረው ስለነበረኝ ክፍሉ እንዲናፈስ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቼ ገባሁ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ከበሮው ፊት የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ አገኘሁ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እሳቱን በካርቶን ያራግባሉ። የሚመታው ፕላስቲክ መሃሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ ጠርዙ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ተጨማድዷል።

«ልትዘምር ነው ብለሃል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ከበሮዋ እርጥበት ጠጥታ ልል ብላ ነበር። ቆዳ እሳት ሲያገኝ ይወጠራል። ይህች ግን... እኔ እንጃ።»

«ቆዳ አይደለም፣ አባባ። ፕላስቲክ ነው።»

ምድጃውን አየት፣ ከበሮውን አየት አደረጉ። «አይ ጥፋቴ» አሉ ቀስ ብለው። ልቆጣ ነበር። ግን ትናንት «ሆን ብዬ ነው» ብዬ ብቻ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ከበሮ ሲላላ ማሞቅ ደግሞ የሕይወታቸው ሙያ ነው።

መምህርቷ አንገቷን በነጠላ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«አሁን ምን ትሆን፣ ጋሽ መሐንዲስ?»

ያለኝ አማራጭ አንድ ነበር። የተበላሸውን ፊት ጨርሶ አውጥቶ መጣል፣ ከበሮውን ማዞር፣ ቀዳዳ የበሳሁበትን ፊት መምቻ ማድረግ፣ ማይኩን በተከፈተው ወገን ማስገባት። ብርድ ልብሱን እንደገና አጠፍኩ፤ ስምንቱን ብሎን እንደገና ሩብ ሩብ። አባባ ከበሮውን ደግፈው ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልጻፍ። ማይኩ አንድ ብቻ ነበር፣ ያውም የተዋስኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ብቀዳ ከበሮው ድምፅዋን ይውጠዋል ብዬ ተራ አወጣሁ፦ መጀመሪያ የአራቱም መዝሙር ከበሮ፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ። እኔ ግን መዝሙሮቹ አዊኛ ስለሆኑ የት እንደምጀምርና የት እንደማቆም በቃሌ አላውቅም። ስለዚህ እኔ ስመታ እሷ አጠገቤ ቆማ እየዘመረች ትመራኛለች። አንዱ ምት ሲላላብኝ «ይቅርታ፣ እንደገና» እላለሁ። አንዱ ብሎን ሲጢጥ ሲልብኝ «አንዴ ብቻ» እላለሁ።

በአራተኛው መዝሙር ላይ «ስንት 'አንዴ' ነው ያለህ?» አለችኝ።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ እትዬ።»

«ከበሮ አግብተህ መቅረትህ ነው።» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሳል ተለወጠ።

የከበሮው አራት ቅጂ ሲያልቅ አሥር ሰዓት ሆኗል። ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሁለት ሳምንት ስፈልገው የነበረው። ማይኩን ወደ እሷ አዞርኩ። የቁጥሩን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ዘመረችው። የፊደሉንም እንዲሁ። በአካል ክፍሎቹ ላይ መጨረሻው ሻከረባት፤ ውኃ ጠጥታ ጨረሰችው። የሳምንቱን ቀናት ስትጀምር አፏ ተከፈተ፣ ከውስጥ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሞከረች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ብታርፊ...» አልኩ።

አባባ አቋረጡኝ። «ተዋት፣ መምህር። ሰው ነች።»

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ሄደች።

የቀሩትን ቀናት ወረቀት እያረምኩ አሳለፍኩ። ቅጂዎቹን ለመክፈት አልደፈርኩም። በሰኔ፣ በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው እንዳይንጠለጠል ብዬ የሦስቱን መዝሙር ድምፅና ከበሮ አገናኘሁ። የአራተኛውን ከበሮ ልሰርዘው ስል አንዴ ላድምጠው አልኩ። በምቶቹ መካከል ሌላ ድምፅ አለ። ከፍ አድርጌ ሰማሁት። እሷ ናት፤ ስትመራኝ የዘመረችው። ከበሮው እንደ አሰብኩት በሁለቱም ወገን ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር። አባባ ባቃጠሉት ፊት በኩል፣ በተከፈተው ወገን፣ ማይኩ ዘንድ ደርሷል። ሩቅ ነው፤ ከጓዳ የሚዘምር ሰው ይመስላል። ግን የሳምንቱ ቀናት ሁሉም አሉ።

ይህን ስጽፍ መናገር ጀምራለች፤ ዝግ ባለ፣ ጎርነን ባለ ድምፅ። ለመዘመር ገና አልሞከረችም። ከቀዶ ሕክምናው በተመለሰች ሰሞን ግን ሐኪሙ መናገር ከልክሏት ነበር፤ ትምህርት ቤት የመጣችው ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ነው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አስቀምጬ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሦስቱን ዓይኗን ጨፍና ሰማች። በአራተኛው ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ እንዴት እንደተገኘ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ ማስረዳቴን በአጭሩ ቋጨሁ። እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። እንደገናም። ከዚያ ደብተሯን ስባ ጻፈች፦

«ከበሮው በዝቷል። ቀንሰው።»

«አይቻልም፣ እትዬ» አልኳት። «ድምፅሽ ያለው እዚያው ከበሮው ውስጥ ነው። እሱን ስቀንስ አንቺም ትቀንሻለሽ።»

ከሥሩ ጻፈችበት፦

«እንግዲያው ተወው።»