ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን

ለባለቤቴ ለየሺ ቁጥር ይታዘዝላት ነበር። ጤፍ ስናርም ወገባችን ሲዝል፣ «አንድ ቁጥር አስብ» ትለኛለች። አስባለሁ። «እጥፍ አድርገው። ዐሥር ጨምርበት። ለሁለት ክፈለው። መጀመሪያ ያሰብኸውን ቀንስለት።» እቀንሳለሁ። «አምስት ቀረህ!» ትልና ቀና ሳትል ማረሟን ትቀጥላለች። እኔ ያሰብሁትን ሳታውቅ የቀረኝን እንዴት እንደምታውቅ ለመረዳት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ያደገችው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት የበዓልና የጾም ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ በቃላቸው ሲያሰሉ እሷ ቤት ውስጥ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። አንድ ቀን ተማሪ ሲሳሳት ከውስጥ ሆና አረመችው። መሪጌታም ከዚያ ወዲያ እሷንም ለብቻዋ ያስተምሯት ጀመር።

የሰርጋችን ቀን የተቆረጠው በ1951 ሐምሌ ላይ ነው። አጎቴ ደምሌ ከእስቴ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ እኔ በቅሏቸውን ይዤ ደጅ ቆምሁ።

«ጥር ሠላሳ ዘንድሮ ቅዳሜ ዋለ» አሉ ደምሌ። «ቀን በየዓመቱ አንድ ይገፋል፤ ለከርሞ እሑድ ነው። በዚያ ይሁን።»

መሪጌታ ገና ሳይመልሱ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«አባቶቼ ይቅር በሉኝ፤ በዚያ ቀንስ አይሆንም።»

ሙሽራ ቀኗ ሲቆረጥ አትናገርም። ደምሌ ዱላቸውን አነሡ። «እንግዲህ ልጅቱ አልወደደችም። ዝምድና በግድ አይሆንም» ብለው ብድግ አሉ። እኔ ልጓሙን እንደ ጨበጥሁ ደርቄ ቀረሁ።

«ይቀመጡ፣ አያ ደምሌ» አሉ መሪጌታ። «የሺ፣ አስረጃቸው።»

«ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት» አለች። «ስለዚህ ቀኑ ሁለት ይገፋል፤ ጥር ሠላሳ ሰኞ ይውላል። የጾሙ ቀን የሚወጣበት የከርሞው መጥቅዕ መስከረም ሃያ ሰባት ነው። እሱ የሚውለው ሐሙስ ነውና ሦስት ይጨመርበታል፤ ሠላሳ፣ ማለት ጥር ሠላሳ። የነነዌ ጾም የሚገባው ያን ለት ነው። ሠንጋ ጥላችሁ ማን ሊበላላችሁ ነው?»

ደምሌ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። እንደገናም ቆጠሩ። ከዚያ ዱላቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ስድስተኛዋን ቀን ዋጥኋት በሉኛ! እኔስ የወንድሜን ልጅ ጠላችው ብዬ ነበር።»

«ብጠላውማ ዝም እል ነበር» አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

በቅሎዋን ትቼ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ወግ ያዘኝ። ሰርጋችን ጥር ሃያ ሁለት እሑድ ተደገሰ።

ከዚያ ወዲያ ደምሌ በየሄዱበት ይህን ሲያወሩ፣ በአገራችን ልጁን የሚድር ሁሉ ቀን ከመቁረጡ በፊት ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። «የሺ አለች?» ሲሉኝ «አለች፣ ግቡ» እላለሁ። በሕይወቴ ከተናገርሁት ሁሉ ደስ ብሎኝ የተናገርሁት እሱን ነው።

የሺ ባለፈው መስከረም ዐረፈች። ካህናቱ ስለ ተዝካሯ ሊነጋገሩ ሲመጡ ቀኑን እኔው በጣቴ አስልቼ ነገርኋቸው። ልክ ነው አሉኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ጓዳችን መጋረጃ አዙሬ ጥቂት ጠበቅሁ።