የተሾመ ተራ

ነገሌ ቦረና የወረድኩት ሰው ልመልስ ነው። ተሾመ በቫዮሊን፣ እኔ በአኮርዲዮን፣ ከሸክላ ለቅመን ያጠናነው አንድ ፈጣን ታንጎ ነበረን፤ ግጥም የሌለው፣ ለዳንስ እንኳ እግር የሚያምታታ አዲስ ዓይነት። የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሱ፣ ወታደር ነውና፣ ወደ ነገሌ ጦር ሰፈር ከተዛወረ ወዲህ ግማሹን ብቻዬን ስጫወት ከረምኩ። አገልግሎቱን ጨረሰ ሲሉኝ፣ አኮርዲዮኔን ይዤ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ።

ከክብረ መንግሥት ወዲያ

ጫካው አለቀና ቀይ አቧራ፣ ግራርና ኩይሳ ብቻ ሆነ። ሹፌሩ ዝምተኛ ነው፤ አፉን የሚከፍተው ጉድጓድ ሲገጥመው ለመሳደብ ነው። መንገድ ዳር የፍየል ጥብስ በላን፤ እሱ ከወዳጆቹ ጋር፣ እኔ ከአኮርዲዮኔ ጋር። አቤት ብቸኝነት! ታንጎውን በልቤ እያስሮጥኩ፣ የተሾመ ተራ ሲደርስ በቫዮሊኑ ፋንታ የሞተሩን ጩኸት እሰማለሁ።

ነገሌ

አመሻሽ ላይ ደረስን። ገበያው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮት አደ ሐሊማ የሚላቸው ባለሻይ ቤት ሴትዮ፣ "አካም? ናጋ? መንገዱ ናጋ? ቤተሰብ ናጋ?" አሉኝ። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ ደህንነቴን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ተሾመን አስጠሩልኝ። ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ ሴት ልጁን ታቅፏል።

"ቫዮሊንህስ?"

"ሙቀቱ ማጣበቂያውን ፈታው። ሆዱና ጀርባው ተለያየ።"

"እኔ አሠራዋለሁ። ነገ እንሂድ።"

"ወንድሜ፣ ቤቴ እዚህ ነው።"

ብሽቅ አልኩ። አኮርዲዮኑን አውጥቼ ታንጎውን ለቀቅኩት። ጣቶቼ ሮጡ፣ ወናፉ አቃሰተ፣ ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ቀጥ! ቀና ስል፣ ቀስት የሚይዝበት እጁ በልጁ ጀርባ ላይ ይመላለሳል፤ አንዲት ምት እንኳ አልሳተም። ልጅቷ ኮርኩሯት ትስቃለች።

"ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?" አሉ አደ ሐሊማ።

"ይኸው ነው፤ ቃል የለውም።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ ማን እያባረረው ነው?"

አኮርዲዮኑን አጥፌ ወደ ሣጥኑ መለስኩ።

አዲስ አበባ

ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ። ሰውን እንደ ሻንጣ አንጠልጥለው አይመልሱትም፤ ይህን ለመማር ያን ሁሉ አቧራ በላሁ። ስጫወት በሰማኝ ቁጥር "በቃህ!" እያለ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት አለኝ። አኮርዲዮኑን አነሳሁ፤ የቫዮሊኑ ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

"ምነው አቆምከው?"

"ቆይ፣ የተሾመ ተራ ነው።"